ሠላሳ ሦስት ቁንጥር

ሳይንስን የጀመርኩት በስምንት ዓመቴ ነው፤ የጀመርኩትም ትርጉሙን ገልብጬ ነው። ማንም አላሳሳተኝም። ብጠይቅ ይነግሩኝ ነበር፤ ለእኔ ግን ያን ጊዜም ቢሆን መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነበር።

እናቴ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ካርድ ታወጣለች፣ ተራ ትጠራለች፣ ጉንጩ ያበጠውን "አይዞህ፣ ደርሰሃል" ትለዋለች። ከትምህርት ቤት ስለቀቅ ቀጥታ ወደዚያ እሄድና እስኪዘጋ ድረስ መጠበቂያው ክፍል ጥግ ላይ ባለው ወንበር እቀመጣለሁ። የሠራተኛ ልጅ እዚያ መዋል ክልክል ነበር። ሐኪሙ አንድ ቀን ደስ ብሎት "ድምጿ እስካልተሰማ ድረስ" ስላለ ብቻ ነው የምውለው፤ እናቴም በየቀኑ በሩ ላይ ስደርስ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች። ድምፄ ከተሰማ እኔ ብቻ ሳልሆን እሷም ከዚያ ወንበር እንደምትነሳ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ከወንበሬ ፊት ለፊት ባሕር ነበር። ሐኪሙ ግድግዳውን አስፈርሶ ስምንት መቶ ሊትር የሚይዝ የመስታወት ሳጥን አስገብቶበታል፤ ውስጡ የሚዞረው ጨዋማ ውሃ ነው። እንደ ሎሚ ልጣጭ ቢጫ የሆነ ጠፍጣፋ ዓሣ፣ ተነጣጥለው የማያውቁ ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች፣ ጢሙን ከድንጋይ ሥር አውጥቶ የሚያወዛውዝ ሽሪምፕ ነበሩበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኮራሎቹ። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው፤ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ይበላል፣ ሲከፋው ቀለሙን ይጥላል። ክፍሉ የቅርንፉድ ዘይትና የባሕር ውሃ ይሸታል። ከውስጠኛው ክፍል የመቦርቦሪያው ፉጨት ሲሰማ ተረኛው ሁሉ ዓይኑን ወደ ቢጫው ዓሣ ያዞራል። ሐኪሙ "ግማሹን ማደንዘዣ የሚሰጡልኝ እነሱ ናቸው" ይል ነበር።

የዚህ ባሕር ጠባቂ አጎቴ ነው፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም። ወደብ ላይ እየጠለቀ የመርከብ ሆድ ሲፍቅ የኖረ ሰው ነበር፤ እናቴ ለሐኪሙ ተናግራ አስቀጠረችውና እኛ ቤት ገባ። ቤታችን ሁለት ክፍል ብቻ ስለሆነ ሳሎን ሶፋው ላይ ይተኛል፤ ሶፋው ስለማይበቃው ለእግሩ ወንበር ይቀጠልለታል። እሱ ከመምጣቱ በፊት እኔና እናቴ ምን እናወራ እንደነበር አላስታውስም።

"ችኩሏ" ይለኛል። ስሙን ያወጣልኝ በዓርቡ ምርመራ ምክንያት ነው። ዓርብ ዓርብ በሲሪንጅ ከባሕሩ ትንሽ ውሃ ይስብና የጣቴን ያህል ብልቃጥ ውስጥ ይጨምራል። ከአንድ ጠርሙስ ስድስት ጠብታ ያንጠባጥብበታል። የጆሮ መጥረጊያ በምታክል ማንኪያ ነጭ ዱቄት ያክልበታል። ይነቀንቀዋል። ከዚያ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ አሥር ደቂቃ ደግሞ ለእኔ ዕድሜ ነው።

"ደረሰ?"

"ገና።"

"አሁንስ?"

"ችኩሏ፣ እስቲ ዓሦቹን ቁጠሪ።"

ዓሦቹ ሦስት ናቸው፤ ምን ይቆጠራል።

ሲሞላ ብልቃጧን አንድ ነጭ ካርድ ላይ ያቆማታል። ካርዱ ላይ ከጠራ ውሃ ተነስተው እስከ ጥቁር ሰማያዊ የሚደርሱ ክቦች ተደርድረዋል፤ ከየሥራቸው ቁጥር አለ። ውሃችን ሰማያዊ ይሆናል። አጎቴ የሚመሳሰለውን ክብ ይፈልግና ቁጥሩን ደብተሩ ላይ በእርሳስ ይጽፋል። ዜሮ ነጥብ አንድ የነበረው ዜሮ ነጥብ ሁለት ሆነ። ከዚያ ሦስት።

እኔ ሁለት ነገር አውቃለሁ። ባሕር ሰማያዊ ነው። ቁጥር ደግሞ ከፍ ሲል ጥሩ ነው፤ ከአሥር ሁለት ያመጣሁ ቀንና ከአሥር ዘጠኝ ያመጣሁ ቀን እናቴ የምትቀበለኝ ፊት አንድ አይደለም። ሁለቱን ሳጋጥማቸው ነገሩ ግልጽ ሆነ። ውሃችን ቀስ በቀስ እውነተኛ ባሕር እየሆነ ነው።

ዛሬ የውሃ ላቦራቶሪ ውስጥ ስለምሠራ ያንኑ ምርመራ በቀን አርባ ጊዜ አየዋለሁ። ሰማያዊው የሚያሳየው ፎስፌትን ነው፤ ከምግብ ትርፍራፊና ከዓሣ ኩስ እየወጣ ውሃ ውስጥ የሚጠራቀም ነገር። ለእርሻ ማዳበሪያ ነው። ኮራልን ግን ሲበዛበት አጥንቱን እንዳይሠራ ያግደዋል፤ አልጌ የሚባለውን የውሃ አረንጓዴ ደግሞ ያደልባል። ብልቃጧ በጠቆረች ቁጥር ኮራሉ ይታመማል። አጎቴ ካርዱ ላይ አጎንብሶ ረጅም ትንፋሽ ያወጣ የነበረው በአድናቆት አልነበረም ማለት ነው።

ብዙ ሳይቆይ መስታወቱ ላይ አረንጓዴ ጸጉር በቀለ። ሐምራዊ የነበረው ቅርንጫፋም ኮራል ቡናማ ሆነ። አንዲት ታካሚ እናቴን "ይኼ ነገር ይታጠባል?" ብላ ስትጠይቃት ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ቀኑን ሙሉ ሰውን ስለ ጥርስ ንጽሕና ሲቆጣ የሚውል ሰው ነው፤ በገዛ ግድግዳው ላይ ጸጉር መብቀሉን እንደ ስድብ ቆጠረው። አጎቴን ጠራው። እኔ ጥግ ላይ ነበርኩ።

"ሁለት ወር ሰጥቼሃለሁ" አለው። "የመጨረሻውን ዓርብ ራሴ ቆሜ አያለሁ። ቁጥሩ ይወስናል። ካልሆነ እዚህ ቴሌቪዥን እሰቅላለሁ፣ አንተም ወደ መርከቦችህ ትመለሳለህ።"

ቁጥሩ ይወስናል የሚለው ለሁለተኛ ክፍል ተማሪ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። አጎቴ የማለፊያ ነጥብ ካላመጣ ይባረራል። ወደቡ ደግሞ በአውቶቡስ አንድ ቀን ተኩል ነው።

ነጥቡ እንዴት ከፍ እንደሚል የደረስኩበት በዚያው ሳምንት ነው። ሐሙስ ቀን አጎቴ እጁ ሳሙና ስለነካው እኔ ዓሦቹን እንድመግብ ነገረኝ። ምግቡ በጣሳ ያለ ቀይ ቡናማ ቅርፊት ነው፤ የደረቀ ዓሣ ይሸታል፣ ጣት ላይ ይጣበቃል። "አንድ ቁንጥር" አለኝ፤ "ከዚያ በላይ አይደለም።" በነጋታው ብልቃጧ ከሦስት ወደ አራት ከፍ አለች። በቃ። ሁለት ነጥብ ይዤ መስመር አሰመርኩ። ዛሬ ይህን የሚያደርግ ተለማማጅ ሳይ ከልኩ በላይ የምቆጣው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ወዲያ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ እናቴ ካርዶቹን ታቅፋ ወደ ውስጥ ስትገባ ከወንበሬ እነሳለሁ። ጣሳው ከመስታወቱ ሥር ካለው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። የባሕሩ ክዳን ጥግ ላይ ለመብራት ሽቦ የተተወች ቀዳዳ አለች። አንድ ቁንጥር። ታካሚዎቹ መንጋጋቸውን ይዘው የሚያስቡት ስለራሳቸው ስለሆነ አንድም ሰው አልተናገረኝም። ድምፅም አላሰማሁም። ቢያንስ እሱን ቃሌን ጠብቄያለሁ።

አጎቴ በበኩሉ ጦርነት ከፈተ። በየሳምንቱ እሑድ ግቢያችን ውስጥ የተጣራ ውሃ በርሜል ሞልቶ የባሕር ጨው ይበጠብጥና ሰኞ ከክሊኒኩ ውሃ አንድ አምስተኛውን ይቀይራል። አረንጓዴውን ጸጉር በጣቱ እየነጨ በባልዲ ያወጣል። ዝገት የሚመስል ፍርፋሪ ውሃ በሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ ጨመረ፤ ፎስፌቱን ይዞ የሚያስቀር ነው። አንድ ዓርብ ብልቃጧ ከአምስት ወደ አራት ወረደች። አጎቴ አፏጨ።

እኔ ደንግጬ እጁን ያዝኩት። "አይዞህ፣ ይመለሳል" አልኩት።

"ምን ዓይነት ክፉ ልጅ ናት" አለና ሳቀ። ከት ብሎ የሳቀው ያኔ ለመጨረሻ ጊዜ ነበር። እኔ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ በሁለት ጣት መቆንጠሬን ትቼ በሦስት ጣት አደረግኩት።

ተመለሰ። አምስት፣ ከዚያ ስድስት።

በዚያ ሰሞን አንድ እሑድ ጠዋት እናቴና አጎቴ በርሜሉን ሲያማስሉ እኔ አጠገባቸው ጫማዬን አጥብ ነበር። አጎቴ ድንገት ማማሰሉን አቆመ።

"እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አቁመሻል?"

"ስንት ጊዜ ልንገርህ? አቁሜያለሁ።"

"ታዲያ ከየት ነው የሚመጣው?"

"ልጄን ይንሳኝ፣ ከዚያ ወዲህ ከነካሁ።"

አጎቴ ወደ እኔ አየ። "አትማይ" አላት ዝቅ ብሎ፤ "እየሰማችሽ ነው።"

እናቴ ጥፍሯን ትበላለች። አጎቴ ደግሞ ይህን አይወድም። ስለዚህ ስለ ጥፍር እንደሚያወሩ ገባኝ። "ከየት ነው የሚመጣው" ያለው ብቻ አልገጠመልኝም፤ የማይገጥመውን ትቼ ወደ ሁለተኛው ጫማ አለፍኩ። ከዚያ እሑድ በኋላ ገበታ ላይ አጎቴ ጨው ሲፈልግ ጨው ፊቷ እያለ እናቴን ትቶ እኔን አቀብዪኝ ይለኝ ጀመር። እንደ ሹመት ቆጠርኩት።

የመጨረሻው ዓርብ መጣ። ዓርብ ዓርብ ነክቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ማለፊያው ስንት እንደሆነ ስላላወቅኩ ፈራሁ። አጎቴ ጓሮ ባልዲ ሲያጥብ አንድ የመጨረሻ ቁንጥር ጨመርኩ።

ሐኪሙ ጓንቱን አውልቆ መጣ። እናቴ ከጠረጴዛዋ ኋላ ተነስታ ቆመች። አጎቴ ውሃውን ሳበ፣ ጠብታውን ቆጠረ፣ ነቀነቀ። ያን ዕለት "ደረሰ?" አላልኩም። ሰማያዊው ከብልቃጧ ሥር እንደ ጭስ ተነስቶ ሞላ፤ ከአራቱ ክብ አለፈ፣ ከስድስቱ አለፈ። አሥር ደቂቃ ሲሞላ አጎቴ ብልቃጧን ካርዱ ላይ አቆመና ከጫፉ አጠገብ ወዳለው ክብ ገፋት። ዜሮ ነጥብ ስምንት።

አጨበጨብኩ። "አለፍክ" አልኩት።

በዚያ ክሊኒክ ውስጥ ድምፄ የተሰማው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሐኪሙ ዞረ። እናቴ ጣቷን ወደ ከንፈሯ ስታነሳ መሐል ላይ ቀረች። አጎቴ ሊያስቆመኝ ሁለቱን እጆቼን ያዘ፤ ያዘና አልለቀቀኝም። ጥፍሮቼ ሥር ቀይ ቡናማ ቅርፊት ነበር። ጎንበስ ብሎ አሸተተው። ከዚያ ቀና ብሎ እናቴን አያት፤ ለረጅም ጊዜ አያት። ጣቶቼን አንድ በአንድ አጥፎ እጄን በጡጫው ውስጥ ደበቀው። እንኳን ደስ ያለህ ስላልኩት ያመሰገነኝ መሰለኝ።

"ይህን ያህል ከየት መጣ?" አለ ሐኪሙ። "ማነው የሚመግባቸው?"

እናቴ አፏን ከፈተች።

"እኔ ነኝ፣ ዶክተር" አለ አጎቴ ቀድሟት። "አብዝቼባቸዋለሁ።"

"አንተ? ሥራህ የሆነው ሰውዬ?"

"መስታወቱ ጋ መጥተው ሲያዩኝ አልችልም።"

እናቴ ተቀመጠች። ሐኪሙ "ቢያንስ አልዋሸኸኝም" ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ተራ ሸኘነው። እናቴን አቅፎ ጆሮዋ ላይ፣ "አምኜሻለሁ፤ አቁመሻል። ድንጋዩ የዋጠውን እየመለሰ ነው" አላት። ድንጋይ ምን እንደሚውጥ ማንም አላስረዳኝም። ለእኔ ደግሞ "ችኩሏ፣ ከአሁን በኋላ ሳትጠይቂ ምንም ነገር ውስጥ ምንም አትጨምሪ" አለኝ። ያን ጠዋት ሻዩ ውስጥ ስኳር አብዝቼበት ስለነበር እሺ አልኩት። ክፍሌ ውስጥ ላሉት ሁሉ አጎቴ ከፍተኛ ነጥብ አምጥቶ ወደ ትልቁ ባሕር እንደተዛወረ አወራሁ። ክሊኒኩ ውስጥ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። እናቴ ጠረጴዛዋን አዙራ ጀርባዋን ሰጠችው።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ የላቦራቶሪ አስተማሪያችን አንድ ብልቃጥ ውስጥ አንጠባጠበና ነቀነቀ። ሰማያዊው ከሥሩ ተነሳ። "ምን ይነግረናል?" ብሎ ጠየቀና ራሱ መለሰ፤ ፎስፌት በዝቷል፣ ውሃው ታሟል። ማወቅ ማለት እንዲህ ከሆነ ደስ የሚል ነገር አይደለም። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። እንባ የሚባል ነገር አልመጣም፤ የመጣው ቁጥር ነው። በሳምንት አራት ቀን፣ ስምንት ሳምንት፣ ሲደመር አንድ ዓርብ። ሠላሳ ሦስት።

በማግስቱ የዓሣ ምግብ ገዝቼ ገባሁ። በሦስት ጣት ቆንጥሬ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩ። በውስጡ ያለውን ፎስፌት አሰላሁ፣ በሠላሳ ሦስት አባዛሁ፣ ለስምንት መቶ ሊትር አካፈልኩ። ሦስት ጊዜ ሠራሁት። ዜሮ ነጥብ አራት ይመጣል። እሑድ እሑድ የሚበጠበጠውን ንጹሕ ውሃ ከቆጠርኩ ደግሞ ያንሳል። ቢበዛ ግማሹ ነው የኔ። እኔ መንካት ሳልጀምር ሦስት የደረሰውስ?

ለአጎቴ ደወልኩ። በዓመት ሁለቴ በስልክ እናወራ ነበር፤ እናቴ "ሰላም በይልኝ" ትላለች እንጂ ስልኩን አትቀበልም ነበር።

"ግማሹ የኔ ነው" አልኩት፣ ሰላምታ ሳላስቀድም። "ሌላው የማነው?"

ከኋላው የመርከብ ጥሩምባ ተሰማ። ከዚያ ሳቀ። "አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀብሽ? እኔ ደግሞ ችኩሏ ብዬ ስጠራሽ ኖሬያለሁ።"

ከዚያ ነገረኝ። እናቴ ማታ መብራቱን ልታጠፋ ስትል ዓሦቹ መስታወቱ ጋ ይሰበሰቡ ነበር። ሲያዩኝ አልችልም ትልና አንድ ቁንጥር ትጨምርላቸዋለች። የፍቅር ቁንጥር ስለሆነች እንደ ምግብ አልቆጠረቻትም። አጎቴ ሐኪሙ ቀን ሊቆርጥለት ሲል ነው የደረሰባት፤ ለመናት፣ አቆመች። ቁጥሩ ግን አልቆመም። ዋሽታኛለች ብሎ አመነ። የኔን ጥፍር እስኪያይ ድረስ።

"ለምን አልነገርክም?" አልኩት።

"ለማን? ዶክተሩ ያን ሰዓት ቢሰማ እናትሽም አንቺም ከበር ውጭ ነበራችሁ።"

"ለእሷስ?"

"በልጇ ምላልኝ ነበር" አለ። "ልጅሽ ናት ልበላት? ድንጋዩ ነው አልኳት። ውሸትም አይደለም። ድንጋይ ፎስፌት ይውጣል፤ ቆይቶ ይመልሳል። ራስሽ የተማርሽው ነገር ነው።"

ውሸት አልነበረም። ግን እናቴ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ድንጋዩ የመለሰው የእሷን ቁንጥር ብቻ እንደሆነ አምና፣ ወንድሟን እኔ ነኝ ያባረርኩት ብላ፣ ፊቱን ማየት አፍራ ኖራለች ማለት ነው።

ቅዳሜ ቤት ሄድኩ። ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ስለማልችልበት በቁሜ ነገርኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች።

"ስንት?" አለች።

"ሠላሳ ሦስት ቁንጥር።"

እጇን ታጠበች። አደረቀችው። ደግማ አደረቀችው። "በየት በኩል?"

"በሽቦው ቀዳዳ።"

"እኔም በእሱ በኩል ነበር" አለች። ፎጣውን ሰቅላ፣ "ልጄን ይንሳኝ ብዬው ነበር እኮ" አለች። የሽንኩርቱ ይሁን የሌላ፣ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። "አውቶቡሱ በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?"

አንድ ቀን ተኩል ተጓዝን። አጎቴ ጸጉሩ ሸብቷል፤ በሩን ሲከፍት ሁለቱም የሚሉት ስለጠፋቸው ስለ መንገዱ ተጠያየቁ። ክፍሉ ውስጥ፣ ከአልጋው ትይዩ፣ ትንሽ ባሕር አለው። አንድ ጠፍጣፋ ቢጫ ዓሣ፣ ሁለት ሐምራዊ ኮራሎች፣ መስታወቱ እንደ እንባ የጠራ። ብልቃጤን ይዤ መጥቼ ነበር። ውሃ ሳብኩ፣ ስድስት ጠብታ ቆጠርኩ፣ ነቀነቅኩ። ሦስታችንም አልጋው ጫፍ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን።

"ደረሰ?" አለች እናቴ።

"ገና ነው" አልናት ሁለታችንም።

አሥር ደቂቃ ሲሞላ ብልቃጧን ካርዱ ላይ አቆምኳት። ውሃው እንደገባ ነው፤ ምንም ቀለም የለም። ይህን ያህል ተምሬ፣ አንድ አፍታ አጎቴ ፈተና ወደቀብኝ ብዬ አዘንኩ።

"ዜሮ" አልኩ።

አጎቴ ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። "ዜሮማ ጥሩ አይደለም። ትንሽማ ያስፈልጋቸዋል፤ ይራባሉ።" ከአልጋው ሥር ጣሳውን አወጣ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ በእናቴና በኔ መሐል ያዘው። የደረቀ ዓሣ ሸተተኝ።

"ለሁለታችሁም አንድ ቁንጥር ነው" አለ። "ተካፈሉ።"

እናቴ በሁለት ጣቷ ቆነጠረችና ግማሹን መዳፌ ላይ አራገፈችልኝ።